የ1,500 መስመር፦ የዳፊ ዘረመል፣ የኒውትሮፊል ቆጠራና የክሎዛፒን ሕግ

ከ1989 እስከ 1999 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ክሎዛፒን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን መዝገብ በኋላ ሲመረመር እርስ በርሱ የማይገጣጠም ነገር ተገኘበት። ነጭ የደም ሴላቸው አንሷል ተብሎ መድኃኒቱ የተቋረጠባቸው ጥቁር አሜሪካውያን 5.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ከነጮቹ መካከል በዚሁ ምክንያት ያቋረጡት 2.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደማቸው በየጊዜው እንዲቆጠር የተደረገው ግን አግራኑሎሳይቶሲስ የሚባለውን፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከሞላ ጎደል የሚጠፉበትን ገዳይ የመድኃኒቱን ጉዳት ቀድሞ ለመያዝ ነው፤ በዚህ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት ደግሞ ስምንት ነጮች ሲሆኑ ከጥቁሮቹ መካከል አንድም ሰው አልነበረም። ማስጠንቀቂያው አብዝቶ የተሰማው አደጋው ባልደረሰባቸው ሰዎች ላይ ነው ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ሲሆን፣ መልሱ የሚገኘው ከአእምሮ ሕክምና ርቆ፣ በቀይ የደም ሴል ላይ በሚቀመጥ ዳፊ የሚባል አንድ ፕሮቲንና እሱን በሚያዝ ዘረመል ውስጥ ነው።

ክሎዛፒን ከሌሎች የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቶች የሚለየው ሌሎቹ ያልሠሩለትን ሕመምተኛ የሚረዳ በመሆኑ ነው። በ1988 በታተመውና 268 ሕሙማን በተሳተፉበት የአሜሪካ ሙከራ፣ ቀደም ሲል በሌሎች መድኃኒቶች ለውጥ ካላሳዩት መካከል በክሎዛፒን የተሻላቸው 30 በመቶ ሲሆኑ፣ በቆየው መድኃኒት በክሎርፕሮማዚን የተሻላቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2002 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ራስን የማጥፋት አደጋን ለመቀነስም እንዲታዘዝ ፈቅዷል። ስለዚህ አንድን ሕመምተኛ ከዚህ መድኃኒት ማስወጣት በሌላ ክኒን የሚካካስ ነገር አይደለም፤ ለብዙዎቹ ቀጥሎ የሚሞከር ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። መድኃኒቱ ገና በአውሮፓ መሠራጨት እንደ ጀመረ በ1975 በፊንላንድ ስምንት ሕሙማን ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው ከሞላ ጎደል ጠፍተው በኢንፌክሽን ሞቱ። ኒውትሮፊሎች ባክቴሪያና ፈንገስ ወደ ሰውነት ሲገባ ቀድመው የሚደርሱ የበሽታ ተከላካይ ሥርዓት ሴሎች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ሲወርድ ተራ የሚመስል የጉሮሮ ሕመም እንኳ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ከብዙ አገሮች ገበያ ወጣ፤ በ1989 በአሜሪካ ሲፈቀድም «ደም ካልተሰጠ መድኃኒት አይሰጥም» በሚል ጥብቅ ደንብ ነበር። ሕመምተኛው በየሳምንቱ ደም ይሰጥ ነበር፤ የቆጠራው ውጤት ካልተላከ ፋርማሲው ክኒኑን አይለቅም ነበር። ሕጉ ሥራውን ሠርቷል፤ በዚህ ቁጥጥር ምክንያት በሕይወት የቆዩ ሰዎች መኖራቸውን የሚጠራጠር የለም።

ችግሩ ያለው መስመሩ በተሰመረበት ቦታ ላይ ነው። በላቦራቶሪ ወረቀቶች ላይ «ትክክለኛ መጠን» ተብሎ የሚታተመው የኒውትሮፊል ዝቅተኛ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ 1,500 ሲሆን፣ ይህ ቁጥር የተወሰደው በአመዛኙ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸውን ጤናማ ሰዎች ደም በመቁጠር ነው። ነገሩን በአንድ የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ወረቀት እንየው። አጠቃላይ የነጭ የደም ሴል ቁጥሩ 3,200፣ የኒውትሮፊሉ ድርሻ 38 በመቶ የሆነ ጤናማ ሰው አለ እንበል። ሁለቱ ሲባዙ 1,216 ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ከሁለቱም ቁጥሮች ጎን ማነሱን የሚያሳይ ምልክት ታትሞ ይወጣል። ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ በነበረው የአሜሪካ ደንብ መሠረት ክሎዛፒን ለመጀመር ጠቅላላው ቢያንስ 3,500፣ ኒውትሮፊሉ ቢያንስ 2,000 መሆን ነበረበት። እንግዲህ ይህ ሰው ምንም ሳይታመም፣ አንዲት ክኒን ሳይውጥ፣ መድኃኒቱን ለመጀመር እንኳ አይፈቀድለትም፤ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መድኃኒቱ ደሙን እንደ ጎዳው ተቆጥሮ ይቋረጥበት ነበር።

በጥቁር አሜሪካውያን መካከል እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር በጤናማ ሰዎች ላይ እንደሚታይ ሐኪሞች ቢያንስ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ጽፈዋል። በኋላም በየመን አይሁዶችና በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ተመዘገበ፤ በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ደም ሲመረመርም በብዙዎቹ ላይ ይኸው ታየ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው የበለጠ በኢንፌክሽን አይጠቁም ነበር። ስለዚህም ሁኔታው «ጉዳት የሌለው፣ ከዘር ጋር የተያያዘ የኒውትሮፊል ማነስ» የሚል ስም ተሰጠው። ስሙ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ፤ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ቀረ።

ምክንያቱ በእጅ ላይ ነበር፤ የተገኘው ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1950 በለንደን ሐኪሞች ደጋግሞ ደም በወሰደ አንድ የሄሞፊሊያ ሕመምተኛ ውስጥ እስከዚያ የማይታወቅ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ፤ በሕመምተኛው የቤተሰብ ስምም አዲሱን የደም ዓይነት ዳፊ ብለው ሰየሙት። ከአምስት ዓመት በኋላ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የዳፊ ምልክት ጭራሽ እንደሌላቸው ታወቀ። በ1968 የዳፊ ዘረመል በክሮሞዞም 1 ላይ እንደሚገኝ ሲረጋገጥ፣ ከጾታ ክሮሞዞሞች ውጪ ባለ ክሮሞዞም ላይ ቦታው የታወቀ የመጀመሪያው የሰው ዘረመል ሆነ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1975 እና በ1976 ባወጧቸው ሥራዎች፣ ዳፊ የሌለው ቀይ ሴል ለቫይቫክስ ወባ በሩን እንደሚዘጋ አሳዩ። ተውሳኩ ወደ ሴሉ የሚገባው ይህንኑ ፕሮቲን ይዞ ነውና። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ዳፊ አልባነት መላውን ሕዝብ ሊያዳርስ ምንም ያልቀረው መሆኑ፣ ቫይቫክስም በዚያ አካባቢ ብርቅ መሆኑ በዚህ ይገለጻል።

እስከዚህ ድረስ ዳፊ የደም ባንክና የወባ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር። በ1993 ግን ፕሮቲኑ የኬሞካይን ተቀባይ መሆኑ ታወቀ። ኬሞካይኖች የተጎዳ ወይም የተበከለ የሰውነት ክፍል ነጭ የደም ሴሎችን የሚጠራባቸው ትንንሽ የመልእክት ፕሮቲኖች ናቸው። ኢንተርሉኪን-8 የሚባለው ለምሳሌ ኒውትሮፊልን ይጠራል። ዛሬ ኤሲኬአር1 በሚል መደበኛ ስም የሚጠራው የዳፊ ፕሮቲን 336 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን የሴሉን ሽፋን ሰባት ጊዜ ሰንጥቆ ያልፋል፤ በዚህ እንደ ሌሎቹ የኬሞካይን ተቀባዮች ነው። የሚለየው መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ሴሉ ውስጥ አለማስተላለፉ ነው። ሌሎቹ ተቀባዮች ከጥቂት ኬሞካይኖች ጋር ብቻ ሲጣበቁ እሱ ከሁለት ትልልቅ የኬሞካይን ቤተሰቦች ብዙዎቹን ይይዛል። በቀይ ሴል ላይ ሲሆን በደም ውስጥ የተረፈውን ኬሞካይን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ በትንንሾቹ የደም መልስ ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ኬሞካይኑን ከሕብረ ሕዋሱ ተቀብሎ ወደ ደሙ በኩል ያሻግርና ነጭ ሴሎች ከደም ወጥተው ወደ ጉዳቱ ቦታ እንዲገቡ ይረዳል።

ዳፊ አልባነትን የሚያመጣው ለውጥ እጅግ ጠባብ መሆኑ የዚህ ታሪክ ዋና ነጥብ ይመስለኛል። በ1995 እንደ ታወቀው ፕሮቲኑን የሚጽፈው የዘረመሉ ክፍል ምንም አልተነካም። የተለወጠው ከፊቱ ባለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ነው፤ ቲ በሲ ተተክቷል። በዚያ ቦታ ላይ በመደበኛ ሁኔታ ጋታ-1 የሚባል ፕሮቲን ይቀመጣል፤ ጋታ-1 ደግሞ ቀይ የደም ሴል በሚሠራበት መሥመር ላይ ዘረመሎችን የሚያበራ ነው። ፊደሉ ሲለወጥ ጋታ-1 የሚይዘው ስለማያገኝ ዳፊ በቀይ ሴሎችና በእናት ሴሎቻቸው ላይ ብቻ ይጠፋል። በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግን እንደ ወትሮው ይኖራል። ስለዚህ «ዳፊ አልባ» የሚባለው ሰው ዳፊ የሌለው በአንድ የሴል መሥመር ላይ ብቻ ነው፤ ስያሜው ከሚያስመስለው በእጅጉ ያነሰ ለውጥ ነው።

ከዝቅተኛው የኒውትሮፊል ቁጥር ጋር ያለው ግንኙነት የተገኘው በ2008 እና በ2009 ነው። ተመራማሪዎች የአፍሪካና የአውሮፓ ዝርያ የተቀላቀለባቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ዘረመል ሲያጠኑ፣ የነጭ ሴል ቁጥራቸው ዝቅ ያለው በክሮሞዞም 1 ላይ ያለው አንድ ቦታ ከአፍሪካ ወገን የተወረሰ ሲሆን እንደሆነ አዩ። ቦታው ሲጠብ ያችው አንዲት ፊደል ተገኘች። ቁጥሩን በግልጽ የሚቀንሰው ለውጡ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው፤ ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው ቁጥር ከሌላው ሰው ቁጥር ብዙ አይርቅም።

አንድ የቀይ ሴል ፕሮቲን መጥፋቱ ነጭ ሴልን እንዴት ይቀንሳል? በ2017 ኔቸር ኢሚዩኖሎጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ሥራ ብርሃን ሰጥቷል። በመቅኔ ውስጥ ገና ኒውክሊየሳቸውን ያልጣሉት የቀይ ሴል እናቶች ዳፊን በብዛት ይሸከማሉ፤ የደም ሴሎች ሁሉ ከሚመነጩባቸው ግንድ ሴሎችም ጋር ተጠጋግተው ይኖራሉ። ዳፊ ከእነሱ ላይ ሲጠፋ ግንድ ሴሎቹ የሚያፈሩት ኒውትሮፊል ጠባዩ ይለወጣል፤ ለመከላከል ይበልጥ የተዘጋጀ ሆኖ ይወጣና ከደም ቶሎ ወጥቶ ወደ ሕብረ ሕዋሳት ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ መቅኔው ሥራውን አላጓደለም፤ ሴሎቹ ከክንድ በሚቀዳው ደም ውስጥ ስላልተገኙ ብቻ ከቆጠራው ውጪ ይሆናሉ። ቆጣሪው ማሽን የሚያየው በደም ሥር ውስጥ ያለውን እንጂ በጣፊያና በሳንባ ያለውን አይደለም።

በ2019 የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሎዛፒን የሚወስዱ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ዘረመል መርምረው፣ በሕክምናው ወቅት «ኒውትሮፊል አንሷል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በብዛት የሚደርሰው ለውጡን ከሁለቱም ወላጆች በወረሱት ላይ እንደሆነ አረጋገጡ። የሜሪላንዱ መዝገብ ያስከተለው እንቆቅልሽ በዚህ ተፈታ። እውነተኛው አግራኑሎሳይቶሲስ ከሌላ የዘረመል ክፍል ጋር፣ በተለይም የበሽታ ተከላካይ ሥርዓት የራስን ከባዕድ በሚለይበት የኤችኤልኤ ቤተሰብ ውስጥ ካሉ ለውጦች ጋር የተያያዘ መሆኑ ታይቷል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ የላቦራቶሪ ቁጥር ይለኩ እንጂ መንገዳቸው የተለያየ ነው።

በመካከሉ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን በመድኃኒቱ ላይ ለማቆየት ያላደረጉት የለም። የኒውትሮፊል ቁጥር ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ ስለሚል ደሙ ከሰዓት በኋላ እንዲቀዳ ያዝዛሉ። አንዳንዶች ሕመምተኛው ደም ከመስጠቱ በፊት ጥቂት እንዲራመድ ይመክራሉ፤ እንቅስቃሴ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ሴሎች ወደ ደሙ ያወጣልና። ሊቲየም የጨመሩም አሉ። ሊቲየም የነጭ ሴል ቁጥርን ከፍ ያደርጋል፤ ኩላሊትንና የታይሮይድ ዕጢንም ሊጎዳ ይችላል። ጤናማ መቅኔ ላለው ሰው አንድን የታተመ ቁጥር ለማስደሰት ሲባል ሁለተኛ መድኃኒት መስጠት፣ ሐኪሙ በቅን ልቡ ያደረገው ቢሆንም፣ ሕጉ ምን ያህል ከዓላማው እንደ ራቀ ከሁሉ በላይ ያሳያል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንቡን የለወጠው በ2015 ነው። ጠቅላላ የነጭ ሴል ቁጥር ከመመዘኛነት ወጣ። መድኃኒቱን ለመጀመር የሚጠየቀው ኒውትሮፊል ለአብዛኛው ሰው 1,500 ሆነ፤ «ጉዳት የሌለው የኒውትሮፊል ማነስ» ላለበት ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ 1,000 ከሆነ ይበቃል ተባለ። ማቋረጫውም ለአብዛኛው ሰው ከ1,000 በታች፣ ለእነዚህ ደግሞ ከ500 በታች ሆነ። በምሳሌ ያነሣነው ባለ 1,216 ሰው በአዲሱ ደንብ መድኃኒቱን መጀመር ይችላል። በብሪታንያም የደም ሐኪም ካረጋገጠ ወሰኑን በ500 ዝቅ የማድረግ አሠራር አለ።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጉድለት ይዞ መጥቷል። ልዩ ወሰኑ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በአመዛኙ በዘሩ ነው፤ ዘሩን ደግሞ ሐኪሙ ከመልኩ ወይም ቅጽ ላይ ከተሞላው ይገምታል። ግምቱ ቤተሰቦቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ ለመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ለኢትዮጵያውያን ግን ፈጽሞ አይሠራም፤ ለዚህ ማስረጃ ከራሳችን አገር የተሻለ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ከወባ ምርምር ጋር ተያይዘው የተደረጉ ጥናቶች ዳፊ አልባ የሆነው ሰው ከሦስት አንድ አካባቢ መሆኑን አሳይተዋል፤ መጠኑም ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ቫይቫክስ ወባ ከምዕራብ አፍሪካ በተለየ ሁኔታ በአገራችን የተስፋፋው የቀረው ሕዝብ ዳፊ ስላለው ነው። (ከ2010 ጀምሮ በማዳጋስካርና በኢትዮጵያ ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ላይም ቫይቫክስ መገኘቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በሩ እንደ ታሰበው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም ማለት ነው።)

እንግዲህ በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በቴል አቪቭ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ በመልኩ ቢገመት ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ነው። «አፍሪካዊ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ቢል ችግር የለውም» የተባለው ሰው ዳፊ ያለው ሊሆንና መቅኔው በእርግጥ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። «ይህ ሰው አፍሪካዊ አይመስልም» የተባለው ደግሞ ዳፊ አልባ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ይነፈገዋል። የአንድ እናትና አባት ልጆች እንኳ በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። ጥያቄውን የሚመልሰው ምርመራ ደግሞ ውስብስብ አይደለም፤ የደም ባንኮች ለደም ልገሳ ለረጅም ጊዜ የሠሩበት የዳፊ ደም ዓይነት ምርመራ ይበቃል። የፊደል ምርመራውም ቢሆን አንዲት ቦታ ብቻ የሚያይ ነው። በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ተደርጎ በካርዱ ላይ የሚጻፍ ውጤት እያለ በዘር መገመት የሚቀጥልበት ምክንያት አይታየኝም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የደም ሐኪሞች ሁኔታውን በዘር ከመሰየም ወጥተው «ከዳፊ አልባነት ጋር የተያያዘ የኒውትሮፊል ቁጥር» ማለት መጀመራቸውም ወደዚሁ የሚወስድ ነው።

ጉዳዩ በክሎዛፒን አይወሰንም። በ2021 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ብቻ አንሶ የመቅኔ ናሙና የተወሰደላቸውን ሰዎች ሲመረምር፣ ዳፊ አልባ በሆኑት ላይ ናሙናው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጤናማ ሆኖ ተገኝቷል። የመቅኔ ናሙና መውሰድ ማለት በዳሌ አጥንት ውስጥ ወፍራም መርፌ ማስገባት ማለት ነው፤ ለማያሻ ምርመራ የሚከፈል ቀላል ዋጋ አይደለም። በካንሰር ሕክምናም የኬሞቴራፒው መጠን የሚቀነሰውም ቀኑ የሚገፋውም በዚሁ ቁጥር ነው፤ ብዙ የአዳዲስ መድኃኒት ሙከራዎች ደግሞ ቁጥሩ 1,500 ያልደረሰን ሰው ከመነሻው አይቀበሉም። በአገራችን ተመሳሳይ ትምህርት የተገኘው በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአዲስ አበባ ኤችአይቪ የሌለባቸውን ሰዎች ደም ሲቆጥር ነው። ኤችአይቪ የሚያጠቃው የሲዲ4 ነጭ የደም ሴል ቁጥራቸው ከኔዘርላንዳውያን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያ የዳፊ ውጤት ነው አይባልም፤ ነገር ግን የሌላ አገር ሰው ደም የተለካበት ወሰን እንዳለ ሲገለበጥ ጤናማውን በሽተኛ ሊያስብል እንደሚችል በራሳችን ሕዝብ ላይ የታየበት ነው።

የአሜሪካው አስተዳደር በ2025 ፋርማሲዎች ያለ ቆጠራ ውጤት ክሎዛፒን እንዳይሰጡ የሚያስገድደውን የመዝገብ ሥርዓት አንሥቷል። የቆጠራው ምክር ግን በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዳለ ነው፤ መኖርም አለበት። ዳፊ አልባነት ከአግራኑሎሳይቶሲስ አይጠብቅምና። የዳፊውን ውጤት የሚያውቅ ሐኪም ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሳይጀምር በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እያንዳንዱን ውጤት ወረቀቱ ላይ ከታተመው ወሰን ይልቅ ከሰውየው ከራሱ መነሻ ጋር ያስተያያል። በ1,200 የጀመረ ሰው በ1,100 ሲመላለስ ይቀጥላል። ያው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 700 ቢወርድ ግን ቆጠራው በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ይሆናል፤ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ይጠየቃል። ከ500 በታች ከወረደ ዳፊ ኖረም አልኖረም መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይቆማል።